ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ? የኒኮላይ ቫቪሎቭ የሕይወት ታሪክ

የአንድን ታላቅ ሰው ሕይወት ከመተረካችን በፊት ስለ ሁለት ጣሳዎች እንድንነግራችሁ ፍቀዱልን። ሰውየውን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት የገባነው በጣሳዎቹ ሰበብ ነውና።

በእኛ ቡድን ገሚሳችን የቢቸና፣ ገሚሳችን የሞጣ ልጆች ነን። ሁለቱም ከተሞች በምሥራቅ ጎጃም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ናቸው። የሁለቱም አገር ሰው ጤፉንና ገብሱን ማወደስ ሲጀምር አይጣል ነው። ስለዚህ የዕፅዋት እድገት ሙከራ እንድንሠራ ሲነገረን ክርክሩን በዚያው ለመቋጨት ወሰንን። የቢቸናው ወገን ከቤቱ የቢቸናን ገብስና የቢቸናን ጥቁር ዋልካ አፈር ይዞ መጣ። የሞጣው ወገንም የራሱን ገብስና ቀላ ያለ አፈር አመጣ። ሁለት ባዶ የወተት ጣሳ አገኘን፤ ዘራን፤ ጠበቅን። የተሸነፈው ወገን ለሌላው ሻይ በዳቦ ሊጋብዝ ነው።

በ15ኛው ቀን በማስመሪያ ስንለካ የቢቸናው 17፣ የሞጣው 11 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጭብጨባው ምኑ ቅጡ! መምህራችን ገብተው ሁለቱንም ጣሳ አዩና አንዳችንንም አላመሰገኑም። የቢቸናውን ቡቃያ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ተኛ። ለካስ ረዥሙ ቡቃያ ቢጫ ነው፤ ቀጭን ነው፤ ራሱን መሸከም አይችልም። አጭሩ ግን አረንጓዴና ወፍራም ነበር። ከዚያም በሁለቱ ጣሳዎች መካከል ከአገራቸው ስም ሌላ ምን ልዩነት እንዳለ ጻፉ አሉን። ጻፍን። ዘሩ ይለያያል። አፈሩ ይለያያል። የሞጣው ጣሳ መስኮት ላይ፣ የቢቸናው ከቁም ሣጥን ጀርባ ጨለማ ውስጥ ነበር። አንዱን ያጠጣነው በስኒ ለክተን፣ ሌላውን በግምት ነው። አንዱ ጣሳ ከሥሩ በምስማር ተበስቷል፤ ሌላው አልተበሳም። በአንዱ አምስት ፍሬ፣ በሌላው አሥራ ሁለት ፍሬ ዘርተናል። ስድስት! መዝገቡን ዘግተን ከወጣን በኋላ ደግሞ ከመካከላችን አንዱ የእናቱ ዘር ያለፈው ዓመት መሆኑን፣ የሌላኛው ግን የዘንድሮ መሆኑን አስታወሰ። ሰባት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠን ምስጋናውን ለአንዱ ልንሰጥ ነበር ማለት ነው።

መምህራችን በዚያን ዕለት በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሠሩን። በመጀመሪያው ሆን ብለን የምንለውጠው አንድ ነገር ይገባል፤ በሁለተኛው ያንን ተከትሎ የሚለወጠውና የምንለካው፤ በሦስተኛው በሁሉም ጣሳ እኩል አድርገን የምንይዛቸው። ሁለተኛው ዓምድ ቀላል መስሎን ነበር። ግን እድገት ስንል ምን ማለታችን ነው? ቁመት ብቻ ከሆነ ጨለማው አሸንፏል። ቡቃያ ብርሃን ሲያጣ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል እንጂ አይፋፋም። ቅጠሉን ብንቆጥር ወይም አድርቀን ብንመዝነው ሌላ ፍርድ እናገኝ ነበር። መምህራችን ሊወጡ ሲሉ፣ ይኸው የእኛ ጥያቄ፣ ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ የሚለው፣ ጎጃምን ጭምር አቋርጦ ያለፈ አንድ የሩስያ ሊቅ ዕድሜውን የፈጀበት እንደሆነ ነገሩንና ስሙን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ሄዱ። የሚከተለውን ያሰባሰብነው ከዚያ ወዲህ ነው። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ኅዳር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተ ሰብ ወጥቶ በልጅነቱ ሞስኮ የገባና በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ልጆቹ ግን ንግዱን አልፈለጉትም። ታናሽየው ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆነ፤ ኒኮላይ የሞስኮን የእርሻ ተቋም መረጠና በ1911 ተመረቀ። የመጀመሪያ የጥናት ጽሑፉ ስለ ታላቅ ነገር አልነበረም፤ ማሳ ስለሚያጠፉ ቀንድ አውጣና መሰሎቻቸው ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ከመካከላችን የምርምር ርእሱ አነስተኛ መስሎት የሚያፍር ስላለ ነው።

በ1913 እንግሊዝ አገር ሄዶ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ቤትሰን የዘር ውርስ ጥናት ዛሬ በዓለም የሚጠራበትን ጄኔቲክስ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰው ነው። የመነኩሴው የሜንዴል የአተር ሙከራ በ1866 ታትሞ ሰው ሳያስታውሰው እስከ 1900 ተኝቶ ስለነበር፣ ያን ጊዜ ገና እንደ አዲስ ነገር ይነገር ነበር። ሜንዴል ከአተር ጠባዮች ጥቂቱን ብቻ መርጦ አንድ በአንድ እየቆጠረ መሥራቱን ወጣቱ ቫቪሎቭ ልብ ብሎ ያዘ።

በ1916 የደረሰው ነገር ለእኛ ለጎጃም ልጆች እንግዳ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋርስ የሰፈሩ የሩስያ ወታደሮች የአገሩን ዳቦ ሲበሉ ራሳቸውን ያዞራቸው፣ ያስታውካቸው ጀመር። ምክንያቱን እንዲፈልግ ቫቪሎቭ ተላከ። እሱም ስንዴውን መርምሮ እንክርዳድ በብዛት እንደተቀላቀለበት አገኘ። እናቶቻችን እህል ሲለቅሙ እንክርዳዱን ለምን አጥብቀው እንደሚያወጡ ማንም አይጠይቃቸውም፤ እንደሚያሰክር ሁሉ ያውቃል። ለወታደሮቹ አዛዦች ግን አንድ ዕፅዋት አዋቂ መላክ አስፈልጓቸዋል። ከዚያ ጉዞ ቫቪሎቭ እስከ ፓሚር ተራሮች ዘልቆ ዘር እየለቀመ ተመለሰ። ዘር መልቀም ከያዘው በኋላ እስከ ዕለተ መታሠሩ አልተወውም።

በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ። አንባቢያን ይህችን ከተማ በስሟ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን። በ1920 እዚያው ባቀረበው ጥናት፣ ዘመድ የሆኑ አዝርዕት ተመሳሳይ የለውጥ መስመር እንደሚከተሉ አመለከተ። ነገሩን በምሳሌ ብንናገር፣ በአንዱ የስንዴ ዓይነት ውስጥ ዛላው ላይ ሹል ፀጉር ያለውም የሌለውም ከተገኘ፣ በዘመዱ የስንዴ ዓይነትም ሁለቱ መገኘት አለባቸው፤ ካልተገኙም ገና አልተፈለጉም ማለት ነው። በ1921 የዕፅዋት ምርምር ቢሮ ኃላፊ ሆኖ ፔትሮግራድ ሲገባ በቮልጋ አገር ሚሊዮኖችን የፈጀው ረኀብ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራውን ሁሉ የሠራው ያንን እያየ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሙከራ እንመጣለን። ከ1923 ጀምሮ ቫቪሎቭና ባልደረቦቹ የአንድ ዓይነት ዘር ከአንድ ከረጢት እየከፈሉ ከመቶ በላይ ወደሆኑ የሙከራ ጣቢያዎች ላኩ። አንዱ ጣቢያ ከሰሜኑ በረዶ አጠገብ፣ ሌላው በመካከለኛው እስያ በረሃ ጥግ ነው። ያው ስንዴ፣ ያው ገብስ፣ ያው ተልባ በየቦታው ተዘራ። ስንት ቀን እንደፈጀበት፣ ምን ያህል እንደረዘመ፣ በፍሬው ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለ እየተለካ ተመዘገበ። በአንዱ ቦታ ቶሎ የደረሰው በሌላው ዘገየ፤ የፕሮቲኑም መጠን በየቦታው ተለያየ። ዘሩ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ በዘሩ ሊሳበብ አይችልም።

በዚህ ላይ በመኝታ ክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ፣ ቦታ የሚባለውን አንድ ተለዋዋጭ ብሎ መጻፍ ማታለል ነው ብሎ ተነሣ። እውነቱን ነው። ዝናቡ፣ ሙቀቱ፣ የቀኑ ርዝመት፣ አፈሩ ሁሉ ቦታ በሚለው አንድ ስም ውስጥ ተጠቅልለዋል። እንግዲህ የቫቪሎቭ ሙከራ ልዩነቱ ከዘሩ አለመምጣቱን ያስረዳል እንጂ ከዝናቡ ይሁን ከሙቀቱ በራሱ አይነግረንም። ለዚያ ሌላ ሙከራ ያስፈልጋል። ቫቪሎቭም በዚህ ብቻ አልተወሰነም፤ ተቃራኒውንም ሠርቷል። ከዓለም ዙሪያ የለቀመውን ዘር በሌኒንግራድ አጠገብ በአንድ እርሻ ላይ ጎን ለጎን ዘራ። አፈሩ፣ ዝናቡ፣ የዘር ቀኑ አንድ በሆነበት ማሳ ላይ የሚታየው ልዩነት የዘሩ ነው። እኛ ግን በሁለት ጣሳ ሁለቱንም ጥያቄ ባንዴ ልንመልስ ተነሥተን አንዱንም ሳንመልስ ቀረን።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1927፣ በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነበር። ከጂቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገባ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው ስለ አገሩ ሁኔታ ጠየቁት፤ በአገር ውስጥ እንዲዘዋወርም ፈቀዱለት። ከዚያም በቅሎና ጓዝ ጭኖ ወደ ሰሜን ተነሣ፤ ዓባይን ተሻገረ፤ በጎጃም በኩል ወደ ጣና፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና አክሱም ዘልቆ በአስመራ በኩል ወጣ። ቢቸናን ወይም ሞጣን ረግጧል ብለን ለአገራችን ክብር የምንጨምርለት ነገር የለንም። ያየው ማሳ ግን የእኛው ዓይነት ማሳ ነው።

በዚያ ማሳ ላይ ያየው ነገር ሌላ አገር ያላየው ነበር። በአንድ ገበሬ ቁራሽ መሬት ውስጥ ነጩ፣ ቀዩና ጥቁሩ ስንዴ፣ አጭሩና ረዥሙ፣ ቶሎ የሚደርሰውና የሚዘገየው ተቀላቅሎ ቆሟል። ገበሬው ይህን ያደረገው ሳያውቅ አይደለም፤ ዝናቡ ቢቀር አንዱ፣ ዋግ ቢመታ ሌላው እንዲተርፍለት ነው። ጤፍን፣ ኑግንና እንሰትን ለዓለም ያቀረበችው ይህችው አገር መሆኗን ቫቪሎቭ መዘገበ፤ ኢትዮጵያንም አዝርዕት ከተገኙባቸው የዓለም ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። አክሱም አጠገብም ዛላው ላይ ሹል ፀጉር የሌለው የዱረም ስንዴ አገኘ። ከሰባት ዓመት በፊት በሳራቶቭ፣ እንዲህ ያለ ስንዴ አንድ ቦታ መኖር አለበት ብሎ በወረቀት ላይ አስቀምጦት የነበረው ራሱ ነው!

በሺህ የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎች ይዞ ተመለሰ። ታዲያ እዚህ ላይ ቀላሉ መንገድ፣ የኢትዮጵያ ስንዴ የተለያየው መሬቷ ተራራና ቆላ ስለሆነ ነው ብሎ መደምደም ነበር። እሱ ግን ዘሩን ወስዶ በሩስያ በአንድ እርሻ ላይ ዘራው። ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ፣ ሹል ፀጉር አልባውም እንደዚያው ሆኖ በቀለ። ልዩነቱ ዘር ውስጥ ነበረ።

ከ1929 ጀምሮ ቫቪሎቭ የሶቪየት ኅብረት የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ጊዜ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ወጣት የእርሻ ባለሙያ ስሙ በጋዜጣ መውጣት ጀመረ። አንዳንድ ስንዴ ብርድ ካልቀመሰ እንደማያፈራ የታወቀ ነው። ሊሴንኮ ዘሩን አርሶ፣ ብርድ አስመትቶ በጸደይ ቢዘሩት ምርቱ በጣም እንደሚጨምር ተናገረ። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው በ1929 የገዛ አባቱ በግማሽ ሄክታር ማሳ ላይ የዘራው ስንዴ ነበር። አንድ ማሳ፣ አንድ ዓመት! ቀጥሎም በየኅብረት እርሻው መጠይቅ ወረቀት ተበተነ፤ ኃላፊዎቹም ምርቱ ጨምሯል ብለው ሞልተው መለሱ። ያልራሰው ዘር ከራሰው ጎን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሳ፣ በአንድ መጠን ተዘርቶ ነበር ወይ? ብዙውን ጊዜ አልነበረም። ዝናቡ የተሻለ ዓመት ቢሆንስ? ማሳው አምና የተኛ መሬት ቢሆንስ? የእኛ ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ የእኛው ሁለት ጣሳ ላይ ሲቀር የእሱ በሚሊዮን ሄክታር ላይ መዋሉ ነው። ያለመመለስ መብት የሌለው ሰው የሚሞላው መጠይቅ ደግሞ ከማስመሪያ ይልቅ አለቃውን ነው የሚለካው።

ፒዮትር ኮንስታንቲኖቭ የተባለ የአዝርዕት አዳቃይና ባልደረቦቹ፣ የራሰውንና ያልራሰውን በብዙ ጣቢያዎች፣ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ዘርተው ሲያሰሉት አማካዩ ልዩነት ከምንም የማይቈጠር ሆነ። ይህንንም አሳተሙ። ሰሚ ግን አልነበረም። ሊሴንኮ በሁለት ዓመት ተኩል አዲስ ዘር አወጣለሁ ሲል፣ ቫቪሎቭ ዓመታት እንደሚፈጅ ይናገር ነበር። ረኀብ ባለበት አገር ማንኛው ንግግር እንደሚጥም ግልጽ ነው።

የምንወደውን ሰው ሁሉ ፍጹም አድርገን መጻፍ አንፈልግም። ቫቪሎቭ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊሴንኮን ደግፎታል፤ አመስግኖታልም። ከገበሬ ቤት የወጣ ብርቱ ወጣት መስሎት፣ ሐሳቡም የለቀመውን ዘር ለማዳቀል የሚረዳው መስሎት ነው ይባልለታል። በእኛ አስተያየት ግን ማስረጃውን ያኔውኑ ማየት ነበረበት። ሲያየው ዘግይቷል። በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነና የቫቪሎቭ አለቃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ቫቪሎቭ ወደ ኋላ አላለም። የዘር ውርስ ሕግ ሐሰት ነው እንዲል ሲጫኑት እምቢ አለ።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲለቅም ተያዘ። ከብዙ ወራት ምርመራ በኋላ ሐምሌ 9 ቀን 1941 ሞት ተፈረደበት። ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲጠጉ እስረኞቹ ተዛወሩ፤ እሱም የተወሰደው ወደ ሳራቶቭ ነው፤ ወጣት መምህር ሆኖ ወደ ሠራባት ከተማ። በ1942 ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። ይህ ግን ዳቦ አልሆነለትም። ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረኀብ ተዳክሞ ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር። ረኀብን ከዓለም ለማጥፋት አምስት አህጉር የዞረ ሰው አሟሟቱ ይህ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ነበር። የቫቪሎቭ ባልደረቦች በእነዚያ ክረምቶች በመቶ ሺህ የሚቆጠር የዘር ናሙና ይጠብቁ ነበር፤ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ድንች። ከመካከላቸው በርካቶች በረኀብ ሞቱ። የሩዙ ክምችት ጠባቂ ሩዝ በተከማቸበት ቤት ውስጥ ሩዙን ሳይነካ ነው የሞተው። ይህንን ስናነብ ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም።

ቫቪሎቭ በ1955 ከክሱ ነጻ መሆኑ ታወጀ። ሊሴንኮ እስከ 1965 ድረስ ሥልጣን ላይ ቆየ። ወንድምየው ሰርጌይ ደግሞ ኒኮላይ በእስር ቤት በሞተ በሁለተኛው ዓመት የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደረገ፤ ይህን ሹመት እንዴት እንደተሸከመው እኛ ልንፈርድ አንችልም።

በአገራችን በ1976 የዕፅዋት ዘር ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በኋላም በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት ዘሩን በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም ማቆየት ተጀመረ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን እስከመብላት ባደረሰው ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የኢትዮጵያ ገብስ ለሌላውም ተርፏል፤ የገብስን ቅጠል አቢጭቶ ከሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የካሊፎርንያን ገብስ ያዳነው ከእኛ አገር ገብስ የተገኘ የዘር ባሕርይ ነው።

ወደ ጣሳዎቻችን እንመለስ። አሁን ጣሳዎቹ ስምንት ሆነዋል። የቢቸና ዘር በቢቸና አፈር፣ የቢቸና ዘር በሞጣ አፈር፣ የሞጣ ዘር በሞጣ አፈር፣ የሞጣ ዘር በቢቸና አፈር፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሁሉም ከሥሩ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ስድስት ስድስት ፍሬ፣ ሁሉም የዘንድሮ። ውኃው በአንድ ስኒ ይለካል፤ ሁሉም በአንድ መስኮት ላይ ሆነው በየጠዋቱ ቦታ ይቀያየራሉ። ከቁመቱ ሌላ ቅጠሉን እንቆጥራለን፤ በመጨረሻም ነቅለንና አድርቀን እንመዝናለን። በየአንዳንዱ ሁለት ጣሳ መዘራቱን ከመካከላችን አንዱ የጣሳ ብክነት ነው ብሎ ተቃውሞ ነበር። በአምስተኛው ቀን አንዱን ጣሳ ድመት ገለበጠችው፤ ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።

ይህ ጽሑፍ እስከተለጠፈበት እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ፣ በዋልካው አፈር የተዘሩት ሁለቱም ዘሮች ሁለት ቀን ዘግይተው ወጥተዋል፤ ዋልካው ውኃ ሲጠጣ ይታፈናልና። በቀዩ አፈር ሁለቱም ዘሮች እኩል ሊባሉ በሚችል ሁኔታ እያደጉ ናቸው። የሞጣ ልጆች ከወዲሁ ሻዩን እየጠየቁን ነው። ቢቸናዎቹ ደግሞ ቀኑ ገና እንደሆነ፣ ዋልካ የሚታወቀው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ርጥበት ይዞ ሲቆይ መሆኑን እየተናገርን ነው፤ ለዚህም ሌላ ስምንት ጣሳ ያስፈልገናል። ባዶ ጣሳ ያለው ከቤተ ሙከራው በር አጠገብ ያስቀምጥልን።